የመርከብ ሽንት ቤትና ጠጋኞቹ

በንግድ መርከብ የሞተር ክፍል ሥራው በማዕረግ የተከፋፈለ ነው። ዋናው መሐንዲስ ሁሉንም ይቆጣጠራል፤ ሁለተኛው ዋናውን ሞተር ይይዛል፤ ሦስተኛው ጄኔሬተሮቹን ይጠብቃል። ከመሐንዲሶቹ ሁሉ ትንሹ፣ አራተኛው፣ በብዙ መርከቦች ላይ ከሚረከባቸው ነገሮች አንዱ የፍሳሽ ማጣሪያው ነው፤ ከእሱ ጋር ከካፒቴኑ ክፍል እስከ ወጥ ቤት ሠራተኞቹ መኝታ ድረስ ያሉትን የሽንት ቤት ቱቦዎች በሙሉ ይረከባል። እኔም በሜካኒካል ምሕንድስና ተመርቄ፣ ባሕር ዳር የባሕር ሥልጠናዬን ጨርሼ፣ እህልና ከሰል በሚጭን መርከብ ላይ ስቀጠር ዕጣዬ ይኸው ሆነ። ለዕረፍት አገሬ ገብቼ ሥራዬን ስዘረዝር እናቴ የያዘችውን ስኒ አስቀምጣ፣ «ለዚህ ነው እንዴ ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ አላስከፋኝም። ሸክላ ሠሪውን፣ ብረት ቀጥቃጩን፣ ቆዳ ፋቂውን ስንንቅ የኖርን ሰዎች ነን፤ ፍሳሽ የነካ እጅ በምን ዓይን እንደሚታይ አውቃለሁ። በሥራው ላይ በቆየሁ ቁጥር ግን አንድ እምነት አድሮብኛል። መርከብ በላዩ ላሉት ሰዎች ምን ያህል ክብር እንደሚሰጥ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የካፒቴኑን ማማ ትቶ ሽንት ቤቱን ይመልከት። ያ ክፍል ደግሞ ከሠራው ሰው ይልቅ ዕለት ዕለት በሚጠግነው ሰው ነው የሚቆመው። ታሪኩም ይህንኑ ይመሰክራል። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እኅቴ ስቶክሆልም ትኖራለች። እሷን ልጠይቅ በሄድኩ ጊዜ የቫሳን ሙዚየም ሳላይ አልተመለስኩም። ቫሳ በ1628 የመጀመሪያ ጉዞውን ጀምሮ ገና ከወደቡ ሳይርቅ ተጋድሞ የሰጠመ የስዊድን የጦር መርከብ ነው፤ በ1961 ከባሕሩ ሥር ወጣ። ጎብኚው ሁሉ ቀና ብሎ የተቀረጹትን አንበሶችና የመድፍ መስኮቶቹን ያያል። እኔ ቀድሜ የፈለግኩት ከመርከቡ አፍንጫ ሥር ወደ ባሕሩ የወጣውን የእንጨት መድረክ ነው። እዚያ ላይ ሳጥን የሚመስሉ ሁለት መቀመጫዎች አሉ። መርከቡ 450 ያህል መርከበኞችና ወታደሮች እንዲይዝ የታሰበ ነበር፤ ለተራው ሰው የተዘጋጀለት ይኸው ነው።

ቦታው እንዲሁ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። በሸራ የሚሄድ መርከብ አብዛኛውን ጊዜ ነፋሱን ከኋላ ወይም ከጎን ይቀበላል፤ ስለዚህ ሽታው ወደ ፊት ይነዳል እንጂ ሰው ወዳለበት አይመለስም። አፍንጫው ማዕበሉን ሲሰነጥቅ የሚረጨው ውሃ መድረኩን ያጥበዋል። ለመጥረጊያ ጫፉ የተፈታታ ገመድ ወደ ባሕሩ ይንጠለጠል እንደነበር ይነገራል፤ ተጠቃሚው ጎትቶ ያወጣዋል፣ ሲጨርስ መልሶ ይጥለዋል፣ የቀረውን ባሕሩ ይጨርሰዋል። በዚያ ዘመን ጥገና ማለት አናጢው የበሰበሰች ሳንቃ መቀየሩ ነበር። ቫልቭም ፓምፕም የለም፤ ቢበዛ ወደ ውሃው የሚወርድ አጭር የእንጨት ቦይ ነው።

መኮንኖቹ ፊት አይሄዱም። ከመርከቡ ኋላ፣ ከካፒቴኑ ክፍል ጎንና ጎን፣ መስኮትና በር ያለው፣ ከነፋስና ከዓይን የተከለለ የራሳቸው ቦታ ነበራቸው። አድሚራል ኔልሰን በ1805 ትራፋልጋር ላይ የሞተበት ቪክቶሪ የተባለው የእንግሊዝ መርከብ ከ800 በላይ ሰው ይዞ ነበር፤ እዚያም ሥርዓቱ ያው ነው። ተራው መርከበኛ ፊት፣ በማዕበልና በብርድ መካከል፤ አዛዡ ኋላ፣ በመስታወት ውስጥ። ማዕረግ በልብስና በደመወዝ ብቻ አልነበረም የሚለየው።

ማዕበል ሲበረታ ወደ ፊት የሚሄድ ሰው ሕይወቱን አስይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ብዙው መርከበኛ፣ በተለይ የታመመው፣ ከታች በጨለማው ውስጥ ይጸዳዳ ነበር። ከታች ደግሞ መርከቡ እንዳይገለበጥ የተጫነ ጠጠርና ድንጋይ አለ፤ ቆሻሻው ሁሉ እሱ ውስጥ ይጠራቀማል። ሽታው ከአቅም በላይ ሲሆን መርከቡ ወደ ዳር ይወጣል፣ ጠጠሩ በሙሉ ይራገፋል፣ እንጨቱ በአቼቶ ይታጠባል። አቼቶን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ሰው እንደ ዕቃ የተጫነበት መርከብ ነው። በባሪያ ንግድ መርከቦች ላይ በሐኪምነት የሠራው እንግሊዛዊ አሌክሳንደር ፋልኮንብሪጅ በ1788 ባሳተመው መጽሐፍ ያየውን ጽፏል። ምርኮኞቹ በታጎሩበት በእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ወይም አራት ትልልቅ ባልዲዎች ይቀመጡ ነበር። ሰዎቹ ግን ሁለት ሁለት ሆነው እግር ለእግር የታሰሩ ናቸው። ከባልዲው ርቆ የተኛ ሰው እዚያ ለመድረስ በሌሎች ላይ ተረማምዶ፣ የታሰረበትንም ጓደኛውን ጎትቶ መሄድ አለበት፤ ብዙዎቹ አቅቷቸው በተኙበት ይቀሩ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ የሕይወት ታሪኩን ያሳተመው ኦላውዳ ኢኩያኖ ደግሞ ሕፃናት ወደ ባልዲዎቹ ይወድቁ እንደነበር ይነግረናል። በዚያ ጉዞ ብዙ ሰው የጨረሰው በሽታ ተቅማጥ ነው። ይህን ያነበብኩት በሥራ ላይ፣ መርከባችን በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ሲያልፍ ነበር፤ ያን ሌሊት መተኛት አልቻልኩም። ስለ መርከብ ሽንት ቤት የሚጻፍ ታሪክ ይህን ዘሎ ካለፈ ታሪክ ነው ለማለት ይከብደኛል።

የሽንት ቤት ማሽን የመጣው ከየብስ ነው። አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ሰዓት ሠሪ በ1775 ለንደን ውስጥ በውሃ ለሚለቀቅ ሽንት ቤት የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ቱቦውን አጥፎ ውሃ እንዲቀርበት በማድረግ ሽታውን አገደው። ቁልፍ ሠሪው ጆሴፍ ብራማ በ1778 ቫልቩን አሻሻለ፤ የብራማ ሥሪት በመርከቦችና በጀልባዎች ላይ ረጅም ዕድሜ አግኝቷል። እነዚህ ሁሉ ግን ከውሃው መስመር በላይ የሚገጠሙ፣ ፍሳሹን በስበት ቁልቁል የሚለቁ ነበሩ። ከባሕሩ ወለል በታች ያለ ሰውስ?

ጥያቄው በ1862 ተግባራዊ ሆነ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ስዊድን የተወለደው መሐንዲስ ጆን ኤሪክሰን ሞኒተር የተባለችውን በብረት የተለበጠች የጦር መርከብ ለሰሜኖቹ ሠራ። መድረኳ ከውሃው ከግማሽ ሜትር በላይ ከፍ አይልም፤ ሰዎቿ በሙሉ የሚኖሩት ከውሃው በታች ነው። ፊት ላይ መቀመጫ ማድረግ አይታሰብም። ኤሪክሰን ፍሳሹን በፓምፕ ግፊት፣ ከውሃው በታች፣ በመርከቧ ገላ በኩል የሚያስወጣ ሽንት ቤት ሠራላት። ውስጠኛውና ውጭኛው ቫልቭ በቅደም ተከተል መከፈትና መዘጋት አለባቸው። የመርከቧ ሐኪም ቅደም ተከተሉን ስቶ በገባው ውሃ ኃይል ከመቀመጫው ተወርውሮ ተነሣ ተብሎ ይነገራል። ሞኒተር በዚያው ዓመት መጨረሻ በማዕበል ሰጠመች። ሐሳቡ ግን ቀረ፤ የእኔም ሙያ ከዚያ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ወዲያ የመርከብ ሽንት ቤት ማለት ባሕሩ ሊገባበት የሚችል ቀዳዳ ማለት ሆነ፤ ባሕሩን ውጭ የሚያቆየው የቫልቩ ጤንነትና ቫልቩን የሚያውቅ ሰው ነው።

ይህን በዓይኔ ያየሁት በትልቅ መርከብ ላይ አይደለም። መርከባችን ለጥገና ፒሬየስ፣ ግሪክ፣ በቆመበት ወቅት ዋናው መሐንዲሳችን፣ መርከብ ላይ ቺፍ የምንለው፣ በአንድ እሑድ ወደ ራሱ ትንሽ የሸራ ጀልባ ወሰደኝ። ጢሙ የሸበተ፣ ቁጡ፣ ሥራውን ግን አምላኪ ሰው ነው። ሽንት ቤቱ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ቁም ሣጥን የሚያህል ክፍል ነው፤ ከሳህኑ ጎን በእጅ የሚሠራ ፓምፕ አለ። የተሠራበት መንገድ ድንቅ ነው። አንዱ ፒስተን ሁለት ሥራ ይሠራል፤ በላይኛው ጎኑ የባሕር ውሃ ስቦ ወደ ሳህኑ ይሰጣል፣ በታችኛው ጎኑ ሳህኑ ውስጥ ያለውን ስቦ ወደ ባሕር ይገፋል። መውጫው ላይ እንደ ዳክዬ ምንቃር የሚገጥም ጎማ አለ፤ የወጣው እንዳይመለስ የሚከለክለው እሱ ነው። እንግሊዝ አገር ጎስፖርት የነበረው ብሌክና አሜሪካ ሚድልታውን የነበረው ዊልኮክስ ክሪተንደን እንዲህ ያሉትን ፓምፖች ከነሐስ አቅልጠው ለትውልድ የሚተርፉ አድርገው ሠርተዋል። ዛሬ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው፤ ይቀልላል፣ ይረክሳል፣ ቶሎም ይሄዳል።

«መጀመሪያ ምን ትዘጋለህ?» አለኝ ካቻቪቴውን ከማንሣቴ በፊት።

«ሁለቱንም ቫልቮች፣ ቺፍ። የሚያስገባውንም የሚያስወጣውንም።»

«እንደተዘጉስ በምን ታውቃለህ? እጀታው ዞረ ማለት ተዘጋ ማለት አይደለም። ከውስጥ ዝጎ ሊሆን ይችላል። ፓምፑን ከመፍታትህ በፊት የቱቦውን ማሰሪያ ትንሽ አላላና ጠብቅ። ውሃው ካላቆመ መልሰህ እሠር።»

ለዚህ ጥንቃቄ ምክንያት አለው። የመውጫው ቱቦ ውስጡ 38 ሚሊሜትር ነው፤ ትንሽ ይመስላል። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ከውሃው ወለል 60 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ቢከፈት በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ባሕር ያስገባል፤ ጀልባዋን በሰዓታት ውስጥ የሚያሰጥም መጠን ነው። ለዚህም ነው ቱቦው በቀጥታ የማይወጣው፤ ከውሃው መስመር በላይ ከፍ ብሎ ታጥፎ ይመለሳል፣ ጉብታው ላይም አየር የምታስገባ ትንሽ ቫልቭ አለች። ያቺ ቫልቭ በጨው ከተደፈነች ውሃው ራሱን በራሱ እየሳበ ሳህኑን ሞልቶ ወደ ወለሉ ይፈስሳል። ሰዎች ተኝተው ሳሉ ከማሰሪያው ሳይነቃነቅ ወደብ ውስጥ የሰጠመ ጀልባ ሲገኝ መርማሪዎች ከሚያዩአቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ቺፍ ቫልቧን ነቅሎ በሞቀ ውሃ አጠባት፣ አፉ ላይ አድርጎ ነፍቶ አየር ማሳለፏን አረጋገጠ፣ መልሶ ገጠማት። ጓርኒሲዮኖቹን ቀየርን፣ ምንቃሩን ቀየርን፣ ፒስተኑን በቅባት አሸን። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀብን። ከዚያ ቀን ወዲህ ለትንንሽ ቫልቮች ያለኝ አክብሮት ሌላ ሆነ።

በጦርነት ጊዜ ይህ ነገር የሰው ሕይወት ጠይቋል። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ሽንት ቤት ለረጅም ጊዜ ሊሠራ የሚችለው መርከቡ ወደ ባሕሩ ገጽ ሲጠጋ ብቻ ነበር፤ ጥልቀት ላይ የውጭው ውሃ ግፊት ያሸንፈዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በጥልቀትም የሚሠራ፣ በከፍተኛ ግፊት የሚገፋ ዓይነት መጣ፤ ቫልቮቹ በዙ፣ አሠራሩም ተወሳሰበ። ኤፕሪል 14 ቀን 1945 ዩ-1206 የተባለው ሰርጓጅ ከስኮትላንድ ዳርቻ፣ ከፒተርሄድ ፊት ለፊት፣ 60 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ሳለ በሽንት ቤቱ በኩል ባሕሩ ገባ። ከሥሩ ያሉት ባትሪዎች ነበሩ፤ የጨው ውሃ ሲነካቸው ክሎሪን ጋዝ ወጣ። አዛዡ ካርል-አዶልፍ ሽሊት ወደ ባሕሩ ገጽ ከመውጣት በቀር ምርጫ አልነበረውም፤ እዚያም አውሮፕላን አገኛቸው፣ መርከቡን ራሳቸው አሰጠሙት፣ አራት ሰዎች ሞቱ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ታሪክ ጥፋቱን አዛዡ ላይ ያደርጋል። እሱ ግን በዚያን ሰዓት ሞተር ክፍል እንደነበረና ውሃው የገባው የፊተኛው ሽንት ቤት ሲጠገን እንደሆነ ተናግሯል። እኔ የእሱን ቃል ነው የማምነው። ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው አደጋው የሚመጣው በመጠቀም ላይ ሳይሆን በመፍታት ላይ እንደሆነ ያውቃል።

የእኛም አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ ነበራት። በ1962 ከአሜሪካ የመጣችውና «ኢትዮጵያ» የተባለችው የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ዋና መርከብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኦርካ ተብላ የተሠራች ነበረች። የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርት በ1964 ተቋቁሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ሲጀምርም መርከበኞች ያስፈልጉት ነበር። በሰፈራችን፣ በባሕር ኃይሉ ምጽዋ ላይ ያገለገሉ አንድ አዛውንት አሉ። ስለ ሥራዬ ሲሰሙ እንደ እናቴ አልተከፉም፤ ፊታቸው በራ።

«ጋሼ፣ በእናንተ ጊዜ እንዴት ነበር?» አልኳቸው።

«በጨው ውሃ ነው ልጄ፣ ሁሉም ነገር በጨው ውሃ። አለቃው ፍተሻ ሲመጣ መድፉን አያይም፤ መጀመሪያ የሚገባው ሽንት ቤት ነው። ናሱ ካላበራ ያ ሳምንት ወደ ከተማ መውጣት የለም! እኛም ወጣቶች ነበርን፣ ምጽዋ ደግሞ በዓይናችን ሥር ናት» አሉኝ። አለቃቸው ትክክል ነበር እላለሁ። ሽንት ቤቱን ያላስተዋለ መኮንን ሰዎቹን አላስተዋለም።

በእሳቸው ዘመን የወጣው ሁሉ በቀጥታ ወደ ባሕር ነው፤ ወደብ ውስጥም ቢሆን። ኮሌራ በ1832 ከስደተኛ መርከቦች ጋር አትላንቲክን አቋርጦ ኩቤክና ኒው ዮርክ መግባቱን ዓለም እያወቀ መርከቦችን በፍሳሽ ጉዳይ የሚያስገድድ ዓለም አቀፍ ሕግ እስኪመጣ እጅግ ቆየ። ማርፖል የሚባለው ስምምነት በ1973 ተዘጋጀ። ስለ ዘይት የሚደነግገው ክፍሉ በ1983 ሥራ ላይ ዋለ፤ ስለ ፍሳሽ የሚደነግገው አራተኛው አባሪ ግን ሥራ ላይ የዋለው በሴፕቴምበር 27 ቀን 2003 ነው። ሠላሳ ዓመት! በሕጉ መሠረት በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ያለ 400 ቶን እና ከዚያ በላይ የሆነ ወይም ከ15 ሰው በላይ የሚይዝ መርከብ ያልታከመ ፍሳሽ ከማጠራቀሚያው የሚለቀው ከቅርቡ የብስ ከ12 የባሕር ማይል በላይ ርቆ፣ ቢያንስ በ4 ኖት ፍጥነት እየሄደ፣ ቀስ በቀስ ነው። ከዚያ ሊቀርብ የሚፈልግ ፍሳሹን ማከም አለበት። ወደብ ላይ መርማሪ ሲወጣ ስለ ማጣሪያው የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ አራተኛው መሐንዲስ ነው።

ወደ ቱቦው ልመለስ፤ የሥራው ልብ ያለው እዚያ ነው። የመጀመሪያው መርከቤ አሮጌ ነበር፤ ሽንት ቤቶቹ በባሕር ውሃ ነው የሚታጠቡት። ሽንት ሲቆይ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያው ውሃውን ይለውጠዋል፤ በባሕር ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዚየም ያን ጊዜ ወደ ድንጋይነት ተለውጦ የቱቦው ግድግዳ ላይ ይጋገራል። በዓመታት ውስጥ 100 ሚሊሜትር የነበረ ቱቦ ጣት የማያሳልፍ ይሆናል። በአንድ ሌሊት ከታችኛው ፎቅ ያሉት ክፍሎች በሙሉ ተዘጉ። አብሮኝ የነበረው ፊሊፒናዊ ብየዳ ሠራተኛ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ሁላችንም ኩያ እንለዋለን፣ በእነሱ ቋንቋ ለታላቅ ወንድም የሚሰጥ ስም ነው። መዶሻ አነሣሁ።

«ተው ፎርዝ» አለኝ፤ መርከብ ላይ የሚጠራኝ በማዕረጌ ነው። «ቱቦው ከድንጋዩ ይልቅ ቀጭን ሆኗል። ብትመታው የሚሰበረው ቱቦው ነው።»

ጆሮውን ቱቦው ላይ ለጥፎ በካቻቪቴው እጀታ ቀስ እያለ እያንኳኳ ሄደ። ባዶው ይጮኻል፣ የተደፈነው ያፍናል። የተዘጋውን ክርን አገኘ፣ ብሎኖቹን ፈታን፣ አወጣነው። ውስጡ ነጭና ግራጫ፣ በንብርብር የተጋገረ ነው። ለቀሩት ቱቦዎች አሲድ አዘጋጀን፤ መነጽርና ጓንት አድርገን፣ ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ ሳንጨምር። እየፈላ ድንጋዩን በላው። ሲጠናቀቅ ኩያ ከወጥ ቤት የአቼቶ ጀሪካን ይዞ መጣና፣ «ከዛሬ ጀምሮ በየሳምንቱ በእያንዳንዱ ሳህን ትንሽ ጨምር፣ አሳድረው። ድንጋይ ከሆነ በኋላ ከምትዋጋው፣ ከመሆኑ በፊት አስቁመው» አለኝ። ያው አቼቶ ነው፤ በሸራ ዘመን የመርከብ ሆድ ይታጠብበት የነበረው። በሰው እጅ እየተላለፈ እዚህ ደርሷል።

ቱቦው የሚያመራው ወደ ማጣሪያው ነው፤ ይህ ደግሞ ሕይወት ያለው ነገር ነው። በመጀመሪያው ክፍል አየር ሳያቋርጥ ይነፋል፣ በአየሩ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ይበሉታል፤ በሁለተኛው ይረጋል፤ በሦስተኛው በክሎሪን ታክሞ ይወጣል። በየጠዋቱ በግልጹ ቱቦ አሻግሬ ቀለሙን አያለሁ። ቡናማ ከሆነ ጤናማ ነው። ከጠቆረ እየሞተ ነው። የሚገድለው ሁለት ነገር ነው፤ የንፋሹ ሞተር መቆምና ክፍል የሚያጸዳው ሰው የሚያፈስሰው በረኪና። ስለዚህ ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር ወዳጅ መሆን የመሐንዲሱ ሥራ አካል ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ወርጄ ማጣሪያውን አሳየዋለሁ፣ ምክንያቱን እነግረዋለሁ። ትእዛዝ ከተጻፈበት ወረቀት ይልቅ ይህ ይሠራል።

አዲሶቹ መርከቦች ላይ ያለው ቫኪዩም ነው። ስዊድናዊው ጆኤል ሊልየንዳል በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያመጣው ሐሳብ ነው፤ ውሃው ከመግፋት ይልቅ አየሩ ይስባል። አንድ ጊዜ ለመልቀቅ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይበቃዋል፣ ቱቦው ቀጭን ነው፣ ወደ ላይም ይወጣል። ጠላቱ መብራት መጥፋት ነው። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2013 ካርኒቫል ትራያምፍ የተባለው የመዝናኛ መርከብ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሞተር ክፍል እሳት ደረሰበት፤ ኃይል ተቋረጠ፣ አብዛኞቹ ሽንት ቤቶች ቆሙ። ከ4 ሺህ በላይ ሰው በጎታች ጀልባ እየተጎተተ ሞባይል፣ አላባማ፣ እስኪደርስ አራት ቀን በዚያ ሁኔታ ቆየ። ሁሉ ነገር የተሟላለት የሚመስል መርከብ ከቫሳ ሁለት የእንጨት ሳጥኖች ያነሰ ሆነ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል አዲሱ አውሮፕላን ተሸካሚ ጄራልድ ፎርድም እንዲሁ የቫኪዩም ሽንት ቤቶቹ ይደፈኑ ነበር። የአገሪቱ ምክር ቤት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2020 ባወጣው ሪፖርት ቱቦዎቹ በየጊዜው በአሲድ መታጠብ እንዳለባቸውና አንዱ እጥበት 400 ሺህ ዶላር ያህል እንደሚፈጅ ገልጿል። በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የወጣበትን መርከብ ከእኔ አሮጌ መርከብ ጋር ያገናኘው ያው ድፍን ቱቦ፣ ያው አሲድ ነው።

አሁን ባሕር ዳርና ቢሾፍቱ እየሠለጠናችሁ ላላችሁ ወጣቶች አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የፍሳሽ ታንክ ሲሰጣችሁ አትፍሩት፣ አትፈሩበትም። ክዳኑን ከመክፈታችሁና አንገታችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ግን ጋዙን ለኩ። አየር ባጣ ፍሳሽ ውስጥ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲያንስ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ማሽተቻችሁን ራሱን ይገድለዋል፣ ሽታው ጠፋ ብላችሁ ትገባላችሁ። በጣም ሲበዛ ጥቂት ትንፋሽ ይበቃዋል። ታንኩን አናፍሱ፣ ኦክስጅኑ ወደ 21 በመቶ መድረሱን በመሣሪያ አረጋግጡ፣ ከላይ ሰው አቁሙ። ጓደኛችሁ ውስጥ ወድቆ ብታዩ ያለ አየር መሣሪያ ተከትላችሁ አትግቡ፤ መጀመሪያ ደወሉን ደውሉ።